የናርኒያው አንበሳና የልጆቻችን እምነት
ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ አንዲት እናት በነጠላዋ ሸፍና የያዘችውን መጽሐፍ አውጥታ አሳየችን። «አባ፣ ልጄ ይህን ከትምህርት ቤት አምጥታ እራቷን እንኳ እስክትረሳ ታነባለች፤ በሽፋኑ ላይ ግን ‹ጠንቋይ› የሚል ቃል አየሁበት። ምን ይሻለኛል?» ስትል ጠየቀችን። እኛም መጽሐፉን ሳንገልጥ ርእሱን ብቻ አይተን «ይመለስ» ብለን ፈረድን። እናቲቱም እንደ ታዘዘችው አደረገች።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት ለልጆች ስለ ጌታችን ሕማማት ስናስተምር፣ «ጌታችን በሐሰት ሲከሱት ስለ ምን ዝም አለ?» ብለን ጠየቅን። ያቺው ልጅ እጇን አንሥታ፣ «በእርሱ ፈንታ ጥፋተኛው እንዳይሞት ነው፤ አንበሳውም ዝም ያለው ስለዚህ ነው» ብላ መለሰች። የትኛው አንበሳ እንደሆነ ብንጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «መልሺው ባሉኝ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው። አስረው ሲገድሉት እስካለው ድረስ አንብቤ ነበር። አባ፣ በዚያው ሞቶ ቀረ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም፤ መጽሐፉን አላነበብነውምና። በኋላ ፈልገን ባነበብነው ጊዜ ግን ምን እንዳደረግን ተረዳን። ልጅቱ ያቆመችበት ምዕራፍ አንበሳው የታረደበት ነበረ፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ሕያው ሆኖ የተገኘበት ነው። ሞቱን እንድታይ ሆና ሳለ ትንሣኤውን የከለከልናት እኛው ነበርን።

ይህን ጥናት ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ስሕተታችን ነው። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ልብ ወለድ መጻሕፍትን ከየትምህርት ቤቱ እየተዋሱ ያነባሉ፤ ፊልሞቻቸውንም ያያሉ። ወላጅም፣ መምህርም፣ ካህንም ስለ እነርሱ መጠየቁ አይቀርም። ሳያነቡ መፍቀድ ቸልተኝነት እንደሆነ ሁሉ ሳያነቡ መከልከልም ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ «የናርኒያ ዜና መዋዕል» ተብለው የሚታወቁትን ሰባት መጻሕፍት በዚህ እትም አብረን እንመርምር።

1. ደራሲው ማን ነው?

የመጻሕፍቱ ደራሲ ክላይቭ ስቴፕልስ ልዊስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1898 በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ በ1908 እናቱ በካንሰር በሽታ ታመው ዐረፉ። ሕፃኑ እናቱ እንዲድኑለት አጥብቆ ጸልዮ እንደነበር ከብዙ ዘመን በኋላ ራሱ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። በወጣትነቱም እምነቱን ጥሎ እግዚአብሔር የለም ከሚሉት ወገን ሆነ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር ተሰልፎ በ1918 ቆሰለ። ከዚያም ትምህርቱን ጨርሶ ከ1925 ጀምሮ በኦክስፎርድ ማግደለን ኮሌጅ፣ ከ1954 ጀምሮ ደግሞ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመንና የተሐድሶ ዘመን ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበረ።

ወደ እምነት የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ እግዚአብሔር መኖሩን አመነ፤ ክርስቶስን ለመቀበል ግን ገና አእምሮው ይከራከር ነበር። በመስከረም ወር 1931 አንድ ሌሊት ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በኮሌጁ ግቢ እየተመላለሰ እስከ ንጋት ድረስ ተነጋገረ። ከሁለቱ አንዱ ሁጎ ዳይሰን ሲሆን ሌላው ጽኑ ካቶሊካዊ የነበረው ደራሲ ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን ነው። ልዊስ ሞቶ ስለሚነሣ አምላክ የሚናገሩ የጥንት አፈ ታሪኮችን ሲያነብ ልቡ ይነካ ነበር፤ ወንጌልን ሲያነብ ግን እንዲያ አይሆንም ነበር። ወዳጆቹም የክርስቶስ ታሪክ እንደነዚያ አፈ ታሪኮች ልብን የሚነካ ነገር ግን በእውነት በታሪክ ውስጥ የተፈጸመ መሆኑን አስረዱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልዊስ ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን አመነ።

ልዊስ እስከ ዕለተ ሞቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማለትም የአንግሊካን ምእመን እንጂ ካቶሊካዊ አልነበረም። ይህን መሰወር አያስፈልግም። ሆኖም ክርስቲያኖች ሁሉ በጋራ የሚያምኑትን ለማስረዳት የደከመ ሰው ስለሆነ ከካቶሊካውያንም መካከል ብዙዎች በምስጋና ያነቡታል። ያረፈው በኅዳር ወር 1963 ነው።

2. መጻሕፍቱ እንዴት ተጻፉ?

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የለንደን ሕፃናት ከአየር ድብደባ እንዲተርፉ ወደ ገጠርና ወደ ሌሎች ከተሞች ተላኩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኦክስፎርድ አቅራቢያ በነበረው በልዊስ ቤት ተጠለሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚጀምረው በዚሁ ሁኔታ ነው፤ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ የተባሉ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ከለንደን ወጥተው ወደ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ይሄዳሉ።

«አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1950 ታተመ። ከዚያም በየዓመቱ አንድ አንድ እየታተመ በ1956 «የመጨረሻው ጦርነት» በተባለው ሰባተኛ መጽሐፍ ተፈጸመ፤ ለዚህም ለሕፃናት መጻሕፍት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳልያ አገኘ። መጻሕፍቱ ከ40 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ ሦስቱም በ2005፣ በ2008 እና በ2010 በፊልም ተሠርተዋል።

እነዚህ መጻሕፍት ምን ዓይነት ጽሑፎች ናቸው? ልዊስ ራሱ እንዳስረዳው ለእያንዳንዱ የወንጌል ነገር አንድ ስውር ምልክት እያቆመ የጻፈው ምሳሌያዊ ድርሰት አይደለም። ይልቁንም፣ እንስሳት የሚናገሩበት ሌላ ዓለም ቢኖርና የእግዚአብሔር ልጅ በእኛ ዓለም ሰው እንደሆነ በዚያም ዓለም አንበሳ ሆኖ ቢገለጥ ምን ይሆን ነበር? ብሎ በማሰብ የጻፈው ነው። ስለዚህ ታሪኩ የወንጌል ትርጓሜ ሳይሆን በወንጌል ከተሞላ አእምሮ የፈለቀ ተረት ነው። ይህን ልዩነት መምህሩ ከያዘ ብዙ ስሕተት አይገጥመውም።

«እንስሳት ሲናገሩ መስማት ልጅን ሐሰት ማስተማር አይደለምን?» የሚል ቢኖር መጽሐፍ ቅዱስን ይመልከት። ኢዮአታም ለሴኬም ሰዎች ዛፎች ንጉሥ ሊመርጡ ሲነጋገሩ ተርኮላቸዋል (መሳ. 9፥8-15)። ነቢዩ ናታንም ንጉሥ ዳዊትን ወደ ንስሐ ያደረሰው በሕግ ክርክር ሳይሆን ስለ አንድ ድኻና ስለ ብቸኛይቱ በጉ በተናገረው ታሪክ ነው (2ሳሙ. 12፥1-7)። ዳዊት በታሪኩ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ከፈረደ በኋላ ነበር ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ያወቀው። እኛም በልጅነታችን በምድጃ ዙሪያ የአንበሳና የጅብ፣ የጦጣና የቀበሮ ተረት ስንሰማ አድገናል፤ ጦጣ ትናገራለች ብሎ ያመነ ግን ከመካከላችን አልነበረም፤ ብልሃትንና ክፋትን መለየት ግን ተምረንበታል።

3. አንበሳው

የመጻሕፍቱ ሁሉ መካከለኛ አካል አስላን የተባለው አንበሳ ነው። ስሙ በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምልክቱ እንግዳ አይሆንብንም። ያዕቆብ ልጁን ይሁዳን ሲባርክ የአንበሳ ደቦል ብሎ ጠርቶታል (ዘፍ. 49፥9)፤ ቅዱስ ዮሐንስም በራእዩ ድል የነሣውን ክርስቶስን ከይሁዳ ነገድ የሆነ አንበሳ ተብሎ ሲጠራ ሰምቷል፤ ዘወር ብሎ ሲያይ ግን ያገኘው የታረደ በግ ነው (ራእ. 5፥5-6)። ልዊስም በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ አስላንን በመጀመሪያ በነጭ በግ አምሳል ለልጆቹ ያሳያቸዋል፤ በጉም ወዲያው አንበሳ ይሆናል።

ሌላም የሚያስደንቅ ግንኙነት አለ። ከጥንት ጀምሮ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ከተተረጐሙ መጻሕፍት አንዱ «ፊሳልጎስ» ነው። ይህ መጽሐፍ የእንስሳትን ጠባይ እየተረከ መንፈሳዊ ምሥጢር ያስተምራል። ስለ አንበሳ ሲናገር፣ እንስቲቱ ደቦሏን ሙት አድርጋ እንደምትወልድ፣ አባቱ ግን በሦስተኛው ቀን መጥቶ እፍ ሲልበት ሕያው እንደሚሆን ይተርካል፤ ይህንንም በሦስተኛው ቀን ለተፈጸመው የጌታ ትንሣኤ ምሳሌ ያደርገዋል። በናርኒያም ታሪክ አስላን ከሞት ከተነሣ በኋላ ጠንቋይቱ ወደ ድንጋይነት የለወጠቻቸውን ፍጥረታት እፍ እያለባቸው ወደ ሕይወት ይመልሳቸዋል። ልዊስ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ መምህር ስለነበረ ይህ ትውፊት የተሰወረው አልነበረም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ልጅ ይህን ሲያነብ የሩቅ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን አባቶቹም የሚያውቁትን ነገር ያነባል።

4. ልንማርባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች

ሀ. የፈተና መንገድ። ናርኒያ በነጭ ጠንቋይ አገዛዝ ሥር ናት፤ ሁልጊዜ ክረምት ነው፤ የልደት በዓል ግን ከቶ አይደርስም። ኤድመንድ ብቻውን ወደዚያ በገባ ጊዜ ጠንቋይቱ በሠረገላዋ አስቀምጣ በሚወደው ጣፋጭ ታታልለዋለች። ጣፋጩ የተተበተበ ስለሆነ የበላው ሁሉ ሌላ ይመኛል እንጂ አይጠግብም። ቀጥሎም ንጉሥ እንደምታደርገው ተስፋ ሰጥታ ወንድሙንና እኅቶቹን እንዲያመጣላት ታስማማዋለች። ልብ እንበል፤ ኤድመንድ በአንድ ጊዜ ከሐዲ አልሆነም። በመጀመሪያ ስለ ሉሲ ዋሸ፤ ቀጥሎ በፒተር ላይ ቂም ያዘ፤ ከዚያም ጠንቋይቱ ክፉ መሆኗን በልቡ እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ። ቅዱስ ያዕቆብም ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን እንደምትወልድ፣ ኃጢአትም ሲያድግ ሞትን እንደሚወልድ አስተምሯል (ያዕ. 1፥14-15)። ልጆች ይህን ትምህርት በቃል ከሚያጠኑት ይልቅ በኤድመንድ ቶሎ ይረዱታል።

ለ. ቤዛነት። ኤድመንድ ከጠንቋይቱ እጅ ቢያመልጥም እርስዋ መጥታ በጥንቱ ሕግ መሠረት የከሐዲ ሁሉ ደም የእኔ ነው ትላለች። አስላን ሕጉን አይክድም፤ ነገር ግን በልጁ ፈንታ ራሱን ይሰጣል። በሌሊት ወደ ድንጋዩ ገበታ ሲሄድ ሱዛንና ሉሲ ይከተሉታል፤ እርሱም አዝኖ እጃቸውን በጋማው ላይ እንዲያኖሩ ይለምናቸዋል። ጠላቶቹ ያስሩታል፣ ጋማውን ይላጩታል፣ ይዘብቱበታል፣ ከዚያም ይገድሉታል። ሁለቱ ልጆች ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያድራሉ። ሲነጋ ገበታው ለሁለት ተሰንጥቆ ይገኛል፤ አስላንም ሕያው ሆኖ በፊታቸው ይቆማል። ጠንቋይቱ ከምታውቀው ሕግ የሚጠልቅ ሌላ ሕግ አለና፤ ይኸውም ንጹሕ የሆነ ሰው በፈቃዱ በጥፋተኛው ፈንታ ሲሞት ሞት ራሱ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል። ጌቴሴማኒን፣ ቀራንዮንና በማለዳ ወደ መቃብር የሄዱትን ሴቶች የሚያውቅ ልጅ ይህን አንብቦ ያለ አስተማሪ እንኳ አንድ ነገር ይታወሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ግን ለንስሐ ትምህርት የሚጠቅም ነገር እንጨምር። አስላን ኤድመንድን ለብቻው ወስዶ ያነጋግረዋል፤ የተነጋገሩትን ግን ደራሲው አይነግረንም፤ ለሌሎቹም ያለፈውን እንዳያነሡበት ይነገራቸዋል። ኤድመንድ ከዚያ በኋላ በጦርነቱ የጠንቋይቱን በትር ሰብሮ እስከ ሞት ይቆስላል፤ ድኖም «ጻድቁ» የተባለ ንጉሥ ይሆናል። ይቅር የተባለ ኃጢአት በጎረቤትም በዘመድም አፍ እየተመላለሰ መነሣት እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለልጆች ማግኘት ይከብዳል።

ሐ. ጸጋ ከራስ ጥረት ይልቃል። በሦስተኛው መጽሐፍ ዩስታስ የተባለ ትዕቢተኛና ራስ ወዳድ ልጅ በዘንዶ ሀብት ላይ ተኝቶ በስስት ሐሳብ ሲያድር ራሱ ዘንዶ ሆኖ ይነቃል። ወደ ሰውነቱ ለመመለስ የራሱን ቆዳ ሦስት ጊዜ ይገፍፋል፤ ከሥሩ ግን ሌላ የዘንዶ ቆዳ ይገኛል። በመጨረሻ አንበሳው በጥፍሩ ቆዳውን ገፎ ወደ ውኃ ይጥለዋል፤ አዲስ ልብስም ያለብሰዋል። ሕመሙ እስከ ልቡ ይሰማዋል፤ ከውኃው ሲወጣ ግን እንደገና ሰው ሆኗል። ስለ ምሥጢረ ጥምቀትና ስለ ምሥጢረ ንስሐ ለምናስተምር ሁሉ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ሰው አሮጌውን ሰው አውልቆ አዲሱን እንዲለብስ ተጠርቷል (ኤፌ. 4፥22-24)፤ በራሱ ኃይል ብቻ ግን አይችለውም።

መ. ያልተመለሰ የሚመስል ጸሎት። በ1955 በታተመው «የአስማተኛው የወንድም ልጅ» በተባለው መጽሐፍ አስላን ናርኒያን በዝማሬ ሲፈጥራት እናያለን። በዚያ ዲጎሪ የተባለ ልጅ አለ፤ እናቱ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ታመዋል። አንድ ፍሬ ለአስላን እንዲያመጣ ተልኮ ሳለ ጠንቋይቱ ፍሬውን ሰርቆ በቀጥታ ለእናቱ እንዲወስድ ትፈትነዋለች። ልጁ እየተጨነቀ ይታዘዛል። ወደ አስላን ፊት ቀና ብሎ ባየ ጊዜ የአንበሳው ዓይኖች በእንባ ተሞልተው ያገኛቸዋል፤ ስለ እናቱ ከእርሱ ይልቅ አዝኖ ነበርና። በኋላም ፍሬ ተሰጥቶት እናቱ ይድናሉ። የደራሲው እናት ግን አልዳኑም። ጸሎቱ እንደ ለመነው ያልተፈጸመለት ያ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሽማግሌ ሲሆን እግዚአብሔር ስለ እኛ ያለቅሳል ብሎ መጻፉ ለራሱ ምስክርነት ነው። በቁምስናችን ውስጥ አባት ወይም እናት የሞቱባቸው ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። ለእነርሱ ፈጣን ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ ጌታ በአልዓዛር መቃብር ፊት እንዳለቀሰ (ዮሐ. 11፥35) ማሳየት ይበልጣል።

5. «አስማት» ስለሚባለው

የእናቲቱ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስ ጥንቆላንና ሟርትን በጥብቅ ይከለክላል (ዘዳ. 18፥10-12)፤ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2116 እና 2117 ይህንኑ ያጸናል። በአገራችንም ወደ ጠንቋይ ቤት መሄድ፣ ክታብ ማሠርና ሟርት ማስነገር የብዙ ቤተሰብ ቁስል እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ጥንቆላ የሚባለው ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ሁለት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ መጽሐፉ የሚያስመሰግነው ማንን ነው? ልጁ ካነበበ በኋላ ምን ለመሆን ይመኛል?

በናርኒያ ጠንቋይቱ የተጠላች ናት፤ ኃይሏም ሕያዋንን ድንጋይ የሚያደርግ ነው። ምሥጢራዊ ኃይል ለማግኘት ሲል በሌሎች ሕፃናት ላይ ሙከራ የሚያደርገው የዲጎሪ አጎትም ፈሪና መሳለቂያ ሆኖ ይታያል። አስላን የሚያደርገው ግን ድግምት ሳይሆን የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ልዊስም «ጥልቅ» እያለ የሚጠራው ሕግ በመለኮታዊው ሥርዓት የተመሠረተውን ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ አንድ ስለሆነ ልጅ ሊያምታታው ይችላል፤ መምህሩ ልዩነቱን በግልጽ ያስረዳ።

6. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

አንደኛ፣ አስላን የሞተው ስለ አንድ ከሐዲ ነው፤ ጌታችን ግን ስለ ዓለም ሁሉ ኃጢአት ሞቷል (1ዮሐ. 2፥2)። በታሪኩ ጠንቋይቱ በኃጢአተኛው ላይ መብት እንዳላት ተነግሯል። ዲያብሎስ ግን በእኛ ላይ የባለቤትነት መብት የለውም። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ቤዛው ለክፉው ተከፈለ የሚለውን አሳብ ተቃውሟል፤ በአሥራ አንደኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ቅዱስ አንሰልሞስም እንዲሁ። የመስቀሉ መሥዋዕት ልጁ በፍቅርና በመታዘዝ ለአብ ያቀረበው ነው (ፊል. 2፥8)።

ሁለተኛ፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ ቅዱስ ቁርባን፣ የቤተ ክርስቲያን ኅብረትና የእመቤታችን ስፍራ አይገኙም። ስለዚህ ናርኒያ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያደርስ ደጅ ሊሆን ይችላል እንጂ ቤቱ ራሱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ካሎርሜን የተባሉት የደቡብ ሰዎች ቆዳቸው የጠቆረ፣ ጥምጣም የሚጠመጥሙ፣ ብዙዎቹም ጨካኞች ሆነው ተሥለዋል። በዚህ ምክንያት ደራሲው የዘመኑን ንቀት አንጸባርቋል ብለው የነቀፉት አሉ፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አይደለም። አፍሪካዊ ልጅ ይህን ሲያነብ ሊያዝን ይችላልና ዝም ብለን አንለፈው። የሰው ልጅ ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል እንደ ተፈጠረ እናስተምረው። ከዚያው ሕዝብ ግን አራቪስ የተባለች ጀግና ልጃገረድና ኤሜት የተባለ ቅን ወታደር መውጣታቸውንም እናሳየው።

ይህ ኤሜት ስሙ በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው። ሕይወቱን ሙሉ ሐሰተኛ አምላክ ያመለከ ቢሆንም እውነትን በቅንነት ይፈልግ ስለነበር አስላን ይቀበለዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ ቁጥር 16፣ ያለ ራሳቸው ጥፋት ወንጌልን ሳያውቁ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉና በጸጋው ተረድተው ፈቃዱን ለመፈጸም የሚጥሩ ሰዎች መዳን እንደሚችሉ አስተምሯል። ይህ ማለት ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የሚያድነው ክርስቶስ ብቻ ነው ማለት እንጂ።

በዚያው መጽሐፍ አንድ ዝንጀሮ ለአንድ የዋህ አህያ የአንበሳ ቆዳ አልብሶ «ይህ አስላን ነው» እያለ ሕዝቡን ሲያስገብርና ሲያስፈራ ይታያል። በጌታ ስም ገንዘብና ክብር የሚሰበስቡ ሰባክያን ባሉበት ዘመን ይህን ለወጣቶች ማንበብ ይጠቅማል።

7. በትምህርት ክፍል ውስጥ

ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክር፣ የአረማውያንን መጻሕፍት ሲያነቡ ንብን እንዲመስሉ ይመክራቸዋል፤ ንብ በአበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። ይህን ይዘን ለመምህራን የሚከተለውን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ መምህሩ ራሱ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያንብብ። ለመነሻ ከሁሉ አስቀድሞ የታተመውን «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ»ን ቢይዝ ይሻላል። ቀጥሎ ታሪኩን በአማርኛ በቃሉ ይተርክላቸው፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅ ከባልንጀሮቹ እንዳያንስ። ትርጓሜውን ግን አስቀድሞ አይንገራቸው፤ «ይህ ምን አስታወሳችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ብሎ ያድምጥ። በመጨረሻ ሁልጊዜ ወንጌሉን ገልጦ ያንብብላቸው። በሦስተኛው መጽሐፍ ፍጻሜ አስላን ለልጆቹ በእነርሱ ዓለም ሌላ ስም እንዳለውና በዚያ ስም ሊያውቁት እንደሚገባ ይነግራቸዋል። ያን ስም ማስተማር የልብ ወለድ መጽሐፍ ሳይሆን የእኛ ኃላፊነት ነው።

ማጠቃለያ

ያቺን ልጅና እናቷን በፋሲካ ሰሞን ጠርተን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ መጽሐፉንም ሰጥተን አብረው እንዲያነቡት ለመንናቸው። እናቲቱ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ልጅቱ ማታ ማታ እየተረጐመች አነበበችላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቲቱ መጥታ፣ «አባ፣ አንበሳው ተነሥቷል» አለችን። እኛም «በእውነት ተነሥቷል» ብለን መለስን፤ ሦስታችንም ስለ ማን እንደምንናገር እናውቅ ነበር።

ልጆቻችንን ከክፉ ነገር መጠበቅ ግዴታችን ነው። ጥበቃችን ግን የሚያስፈራንን ሁሉ ከእጃቸው መንጠቅ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን የሚጠይቁንን ከእኛ ይሰውሩናል። አብረናቸው ስናነብ፣ አብረናቸው ስንጠይቅ ግን መልካሙን ከክፉው መለየት ይማራሉ። ሐዋርያውም ሁሉን ፈትነን መልካሙን እንድንይዝ ያዘናል (1ተሰ. 5፥21)።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኤድመንድ ወደ ክሕደት የደረሰው በየትኞቹ ትናንሽ እርምጃዎች ነው? በእኛ ሕይወት ተመሳሳዮቹ የትኞቹ ናቸው?
2. አስላን ከኤድመንድ ጋር የተነጋገረው ያልተጻፈው ለምን ይመስላችኋል? ይህ ስለ ምሥጢረ ንስሐ ምን ያስተምረናል?
3. የአስላን ሞት የጌታችንን ሞት የሚመስለው በምንድን ነው? የማይመስለውስ በምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ልጆች ምን ያነባሉ፣ ምንስ ያያሉ? ከእነርሱ ጋር አብራችሁ ያነበባችሁት የመጨረሻው መጽሐፍ የትኛው ነው?

የሰላም አምላክ የልጆቻችንን ልብ ይጠብቅልን። አሜን።